ጨብሳ

ዛሬም መጡ ወይዘሮ ሸምሲያ፤ ሦስተኛ ቀን ሆናቸው፤
የሂርማታ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው።
«የአባቴን የቤት ፋይል» አሉ።
ጻፍኩት፦ አባጨብሳ አባፎጊ።
«ዜሮ ውጤት።»

ፋይሉን አውቀዋለሁ።
ከማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ ምስጥ ከጀመረው ቁልል፣
እፍ ብዬ ያነሣሁት፣ ስካን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤
አቧራው ሦስቴ አስነጥሶኛል።
አለ። ግን የለም።
ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ስሙን ቢጠሩት
እንደማይሰማ ጎረቤት።

ሁሉም ሲወጣ ቀረሁ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ታይፕ ጸሐፊ ይቀጠቅጣል፤
አንድ አንድ ቃል እያጎረስኩ ማሽኑን ጠየቅኩት፦
«ይሄ በየት በኩል ይቆረጣል?»

የመጀመሪያው ጥፋት ቶሎ ታየ፤
የድሮው ጸሐፊ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ለየ፤
ማሽኑ ባዶ ቦታ እንጂ ነጥብ መቼ አየ!
ሰፈሩ፣ ቀበሌው፣ ስፋቱ፣ አጥሩ፣
አንድ ቃል ሆነው ተሳሰሩ፤
መስመር ሙሉ የሚረዝም ቃል፣
ማን እንዲያ ብሎ ይፈልጋል?

«ነጥቧም ክፍተት ናት» አልኩት፤ ገባው።
«ሠፈር» እና «ሰፈር» ለሱ ሁለት አገር ነበሩ፤
አስታረቅኳቸው።
ከ«የአባጨብሳ» ላይ «የ»ን እንደ ሙዝ ልጣጭ ላጥኩ፤
እንደገና ፈለግኩ።
ዜሮ።

መብራት ሄደ።
ላፕቶፑ ሃያ ደቂቃ እንደቀረው
የገዛ እጄን ሥራ አገኘሁት፣ መስከረም ላይ የጻፍኩት፤
የማዕረግ ስሞች ዝርዝር፦
አቶ፣ ወይዘሮ፣ ሼህ፣ ቄስ፣ ሐጂ፣ መምህር፤
በመሐላቸው ትንሿ «አባ»፤
ከጎኗም ሕጉ፦ «ማዕረግ ነው፤ ይቆረጥ፤ መዝገብ አይግባ።»
ያኔ አዲስ ነበርኩ፤ የደብረ ብርሃን ልጅ፤
አባ ሲሉኝ መነኩሴ የሚታየኝ።
ይባስ ብሎ፣ ቢላው ሲያስገባ ይቆርጣል፣ ሲጠየቅ አይቆርጥም፤
ግማሽ ሆኖ የገባ ሙሉ ቢጠሩት አይመጣም።

ጠዋት ነገርኳቸው፣ እያፈርኩ፦
«አባ ተቆርጦ፣ የተመዘገበው ጨብሳ ብቻ ነው።»
ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ፤ ውሃ ሰጠኋቸው።
«ጨብሳ እኮ ፈረሱ ነው!
የዱሮ ሰው እኛ ጋ በፈረሱ ስም ይጠራል።
ጨብሳ ማለት፣ ይሰብራል፤
አጥር አይቆመውም ነበር አሉ፣ እኔ አልደረስኩበትም።
ታዲያ ማሽንህ ፈረሱን አስገብቶ
ጋላቢውን ከበር መለሰው?»

መልስ አልነበረኝም።
«አባ»ን ከዝርዝሩ ሰረዝኩ፤
መዝገቡን ከሥሩ እንደ አዲስ አስቆጠርኩ።
አርባ ደቂቃ ፈጀ። በመስኮቱ
አዌቱ ጎርፉን ይዞ ሲወርድ እናያለን፤
በስክሪኑ ላይ
አባዲጋ፣ አባመጫ፣ አባፎጊ፣
ዓመት ሙሉ ባዶ ኮርቻ ይዘው በቆሙት ፈረሶች ላይ
ሰዎች አንድ በአንድ ሲወጡ።

«አንድ ውጤት።»

ተጠግተው አዩት፦ ቢጫ ወረቀት፣
ጥግ ላይ የአውራ ጣት አሻራ፣ ወፍራም፣ ሐምራዊ።
ለቅሶ ጠብቄ ነበር፤
«ካሬ ሜትሩ ተሳስቷል» አሉ።

ይታረምልኝ ብለው ማመልከቻ ጻፉ፤
ፈረሙ፦ ወ/ሮ ሸምሲያ አባጨብሳ።
መዘገብኩት። እዩት፣ አሁን ይሠራል ብዬ
በኩራት ብፈልገው፣
ማሽኑ በእዝባሯ ላይ ቆርጦ
«ወ» የምትባል አንዲት ሴት፣
«ሮ» የምትባል ሌላ ሴት አወጣልኝ።

«ነገ ይምጡ» አልኳቸው፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል።
ጃንጥላቸውን አነሡ፤
በሩ ላይ ዞር ብለው፦
«የትኛዋ ትምጣ?»